ፌጅ ዐውቆ አይለወጥም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ባክቴሪያን በሚያጠቁ ቫይረሶች፣ ማለትም በፌጆች፣ ስለማከም በጤና ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ እዚህ ድሬዳዋ ሆኜ በጥሞና አነበብሁት። ጉዳዩ በአማርኛ እምብዛም የማይነሣ በመሆኑ አዘጋጁ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን ባክቴሪያው መከላከያ ሲያበጅ ፌጁም ይህንኑ ዐውቆ ራሱን እንደሚለውጥ ተደርጎ የቀረበው ሐሳብ መታረም አለበት።

ፌጅ የሚያውቀው ነገር የለም። ቲ4 የተባለው ፌጅ ዘረመሉን ኢ. ኮላይ ወደተባለው ባክቴሪያ ሕዋስ ካስገባ በኋላ በግማሽ ሰዓት ገደማ ሕዋሱን አፍርሶ መቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ይወጣል፤ ዘረመሉ እንዲህ በጥድፊያ ሲገለበጥ ከ300 ያህል ቅጂዎች በአንዱ ላይ ስሕተት ያርፋል። አብዛኛው ስሕተት ለፌጁ አይበጅም። አልፎ አልፎ ግን የጅራቱን ክር ጫፍ ለወጥ አድርጎ፣ ቀድሞ ሊይዘው ያልቻለውን ባክቴሪያ እንዲይዝ ያስችለዋል።

በማስተምርበት ላቦራቶሪ አንዲት ተማሪ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ፣ ፌጅ ባክቴሪያውን አጥፍቶ ከተዋቸው ጠርዛቸው የደበዘዘ ትንንሽ ቀዳዳዎች መካከል ሰፊና ጠርዙ የጠራ አንድ ቀዳዳ አገኘች። ፌጁ ምግቡ ስለበዛለት ተቻኩሎ ነው አለችኝ። ከዚያ ቀዳዳ በእንጨት ጫፍ ነክተን በአዲስ ሳህን ላይ ስንዘራው ሁሉም ቀዳዳዎች ሰፋፊ ሆኑ። ፌጁ አልቸኮለም፤ ሕዋሱን ከማፍረስ የሚያዘገየው ባሕርይ በስሕተት ጠፍቶበት፣ ጉድለቱን ለዘሩ ሁሉ አወረሰ። እንዲህ ያሉትን ፌጆች ኸርሺ የተባለው ተመራማሪ በ1946 ገልጿቸዋል።

የባክቴሪያውም ነገር ያው ነው። ሉሪያና ዴልብሩክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1943 ባሳተሙት ሥራ ባክቴሪያን በየብልቃጡ ለየብቻ አሳድገው ከፌጅ ጋር ሲያገናኙት፣ ከ20 ብልቃጦች በ11ዱ አንድም የተረፈ አልተገኘም፤ በአንዱ ግን ፌጁን የተቋቋሙ 107 የባክቴሪያ መንጋዎች (ኮሎኒዎች) በቀሉ። መቋቋሙ ፌጁን በማየት የመጣ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ በየብልቃጡ ይቀራረብ ነበር፤ ስለዚህ መቋቋሙ ፌጁ ከመምጣቱ በፊት በስሕተት የተገኘ ነው።

ሐኪሞች አንድ ፌጅ ብቻ ሳይሆን በተለያየ መንገድ የሚያጠቁ ፌጆችን ቀላቅለው የሚሰጡትም፣ አንዱን የሚቋቋም ባክቴሪያ ሕክምናው ሳይጀመር በሕመምተኛው ገላ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ነው። ጽሑፉ ይህን ምክንያት ስለዘለለው፣ በሚቀጥለው እትም ከእርማቱ ጋር እንድታወጡት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የማይክሮባዮሎጂ መምህር
ከድሬዳዋ