አክተር አይሞትም፤ እግሩስ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ፍላሽ ላይ ፊልም እጭናለሁ። (የኮፒራይቱን ነገር ለሌላ ደብዳቤ አቆዩልኝ።) ባለፈው ሳምንት የፊልም አምደኛችሁ ስለ ሱፐርሂሮ ፊልሞች የጻፉትን ሁለቴ አነበብኩት። ወደ ኋላ ተመልሰው የአክተሩን የወጣትነት ታሪክ ስለሚያሳዩት ነበር የጻፉት። ደንበኞቼ እነዚህን "ክፍል ዜሮ" ይሏቸዋል። እኔም እንደነሱ ልበል።

አምደኛው የ2011ዱን የኤክስ ሜን ክፍል ዜሮ ስህተት አንድ በአንድ ለቅመው አውጥተዋል። (የፊልሞቹን ዓመት የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ውሸት የለባቸውም። በ2000ው ፊልም ፕሮፌሰር ቻርልስ (ዊልቸር ላይ የሚቀመጠው የኤክስ ሜኖቹ መሪ) ማግኔቶን (ብረት የሚያዝዘውን፣ ጓደኛውም ጠላቱም የሆነውን) ያወቀው በ17 ዓመቱ እንደሆነ ይናገራል። በ2011ዱ ግን ሁለቱም ጎልማሶች ናቸው፤ የሚገናኙትም በ1962፣ ውሃ ውስጥ ነው። የእግሩ ነገር ደግሞ ይብሳል። የ2006ቱ ፊልም ሲጀምር ከ20 ዓመት በፊት ተብሎ ቻርልስ ከማግኔቶ ጋር በእግሩ ሲሄድ አይተነዋል። 2011 መጣና ሰውዬውን ገና በ1962 ዊልቸር ላይ አስቀመጠው። በ2014 የወጣው ደግሞ ሰው ወደ 1973 ልኮ ታሪኩን ከሥሩ ቀየረው። ድሪቶ በሉት።

እኛ የአዳማ ሰዎች ግን በዚህ አንደነግጥም። የእናቴ የድሮ መታወቂያ ናዝሬት ይላል፤ የኔ አዳማ። አዲስ አበባ መናኸሪያ ብትሄዱ ረዳቱ ዛሬም "ናዝሬት! ናዝሬት!" ብሎ ነው የሚጣራው። በዚህ ምክንያት ሌላ ከተማ የወረደ ሰው አላየሁም።

ልጅ ሆኜ ሠፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበር። መግቢያው 50 ሳንቲም። ወንበር ስለማይበቃ ትንንሾቹ መሬት ላይ ነበር የምንቀመጠው። አክተሩ ሲወጋ ከመሃላችን አንዱ ማልቀስ ይጀምራል። ያኔ ከኋላ ትልልቆቹ "ዝም በል፣ አክተር አይሞትም!" ይሉታል። ሕግ ነበር። ክፍል ዜሮ ላይ ደግሞ ይህ ሕግ ጭራሽ ማኅተም አለው። ሰውዬው ሸምግሎ አይተነዋላ! ስለዚህ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንገቱ ላይ ቢላ አድርጎ "ይሞት ይሆን?" እያለ ሊያስጨንቀን የሚፈልግ ዳይሬክተር በከንቱ ይለፋል። ለኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አምደኛው ግን አንድ መስመር እንኳ አልሰጡትም።

የ2011ዱ እዚህ ወጥመድ ውስጥ አልገባም። ቻርልስ እንደማይሞት እናውቃለን። እግሩን እንደሚያጣም እናውቃለን። ፊልሙ ደግሞ ማወቃችንን ያውቃል። ሰውዬው ሲሮጥ፣ መጠጥ ቤት ቆሞ ሴት ሲያጫውት፣ እኔ የማየው እግሩን ነበር። አሁን ይሆን? ወይስ አሁን? መጨረሻ ላይ የኩባ ባሕር ዳርቻ ደረስን። አንዲት የሲአይኤ ሴትዮ ማግኔቶ ላይ ትተኩሳለች። እሱ ጥይቱን በእጁ ምልክት ብቻ እየመለሰ ይበትናል። አንዷ ጥይት የጓደኛው ጀርባ ውስጥ ትገባለች። ሱቁ ጸጥ አለ። በ2000ው ፊልም መጨረሻ ሁለቱ ሽማግሎች እስር ቤት ውስጥ ቼዝ ሲጫወቱ አይቻለሁ። ያ ጨዋታ ከ11 ዓመት በኋላ ሌላ ነገር ሆነብኝ። እንደሚሽመደመድ አውቅ ነበር፤ በማን እጅ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ስለ አጼ ቴዎድሮስ ስንት ተውኔት ተሠራ? መቅደላ ላይ፣ በ1860 (ይሄኛው በእኛ ነው)፣ ሽጉጣቸውን እንደሚጠጡ ሳያውቅ ቲያትር ቤት የገባ ማን አለ? ሕዝቡ ግን ይገባል። ደግሞ ያለቅሳል።

አሁን ተገላቢጦሹን ልንገራችሁ። በ2014ቱ የካፒቴን አሜሪካ ፊልም ኒክ ፉሪ፣ ያ ባለ አንድ ዓይኑ አለቃ፣ ሰው ባመነበት ጊዜ ዓይኑን እንዳጣ ይናገራል። አምስት ዓመት ሙሉ ደንበኞቼ ሲገምቱ ኖሩ። ማን ከዳው? ወንድሙ? ሚስቱ? በ2019 ካፒቴን ማርቭል ወጣ። ታሪኩ የ1995 ነው፤ ዓይኑ እዚያ ላይ ይጠፋል። ድመት ቧጠጠችው። ድመት! እርግጥ ከሌላ ዓለም የመጣች ጉድ ነች። ቢሆንም ድመት ነች። በአምደኛው ሚዛን ይህ ፊልም እዚህ ላይ ንጹሕ ነው። ሰውዬው አመናት፣ እሷም ዓይኑን ወሰደችው፤ የሚጋጭ ነገር የለም። አብሮኝ ሲያይ የነበረ የባጃጅ ሹፌር ግን "በቃ? ለዚህ ነው?" ብሎ ፍላሹን ነቅሎ ወጣ። አልፈረድኩበትም።

ብዕር ያስነሳኝ ግን የአምደኛው ምክር ነው። ፊልሞቹን በታሪኩ ዘመን ቅደም ተከተል እዩ ብለዋል፤ ከ1962ቱ ጀምሩ ማለታቸው ነው። ይህን እኔ ሞክሬዋለሁ። ያውም በሰው ገንዘብ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጥታ "ወንድሜ፣ ከየትኛው ልጀምር?" አለችኝ። የ2011ዱን 01 ብዬ ጫንኩላት። በሳምንቱ ተመለሰች። "ቆንጆ ነው። ልጁ ግን ሲያሳዝን፣ በሰው ጥይት!" አለች። እንዲያው መንገድ ላይ ስላየችው የመኪና አደጋ የምታወራ ነበር የምትመስለው። እግሩን ስትጠብቅ አልቆየችማ። የ2000ውን ስላየችው ስጠይቃት ቼዙ ጋ ሳትደርስ እንቅልፍ እንደወሰዳት ነገረችኝ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። እሷ ስትሄድ ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን ፎልደር እንደገና ቁጥር ሰጠሁት፤ በወጡበት ዓመት። የ2000ው 01፣ የ2011ዱ 05 ነው። አምደኛው ወደ አዳማ ብቅ ካሉ በነፃ እጭንላቸዋለሁ። ብቻ ፍላሹ ከ32 ጊጋ እንዳያንስ ንገሩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ፊልም ጫኙ፣ ከአዳማ