ብሮንዚኑ ጥፋት የለበትም

ይድረስ ለወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማማ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ቁጥርህን አውጥቼ፣ አይቼ፣ መልሼ የተውኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በስልክ ብነግርህ «ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው» ትለኛለህ። እኔ ደግሞ እንዲሁ እንዲታለፍ አልፈልግም። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

የቮልሷን ሞተር ፈታነው። የላክኸው ብሮንዚን፣ የሞተሩን ዋና ዘንግ ክራንኩን አቅፎ የሚይዘው ያ ስስ ቅርፊት፣ ምንም ጥፋት የለበትም።

ያኔ ያልኩህን አንድም ቃል አልረሳሁም። «ልኩን ተሳስተህ ልከህ የአባቴን መኪና ገደልካት» ነው ያልኩህ። ከሥራ ወጥተህ ዕቃ ስታፈላልግ፣ ሻንጣው ውስጥ የሚይዝልህ መንገደኛ ስትለምን የከረምከውን አንተን። ከዚያ በኋላ ለመደወል ፊት አጣሁ።

ሞተሩ ከታደሰ በኋላ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ በወጉ አልሄደም ነበር። ከደብረ ብርሃን ስመለስ ሰንዳፋ ላይ ቆምኩ። ሞተሩ ግሏል። ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳልሰጥ ቆማ ስትሠራ፣ የዘይት መብራቷ ብልጭ ድርግም አለች። ነዳጅ ስሰጥ ትጠፋለች። በሳምንቱ ከታች ቤላው፣ ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ፣ ማንኳኳት ጀመረ። ሳልፈታ፣ ሳላይ፣ በዚያው ማታ ላንተ ደወልኩ። መኪናዋን ሸራ አልብሼ ግቢ አቆምኳት።

ዘንድሮ የአባቴ ሙት ዓመት ሲደርስ እናቴ «ይቺን መኪና ወይ ሥራት ወይ ሽጣት» አለችኝ። የአባቴን ቮልስ መሸጥ አልሆነልኝም። አንተም መንዳት የለመድክባት ናት። ጉለሌ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ አስጎትቼ ወሰድኳት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቮልስ ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ታሪኩን ስነግራቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «መብራቷ ከመጀመሪያው ቀን ነው የበራችው ወይስ ቆይታ?» ቆይታ ነው አልኳቸው። «እንግዲያ ከልኩ አይደለም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ብሮንዚኑ ሰፍቶ ቢሆን ዘይቱ በጎን እያመለጠ ግፊቱ ከመጀመሪያው ቀን ይወርድ ነበር። ጠብቦ ቢሆን ደግሞ ገና ከጅምሩ ግሎ ይነክስ ነበር። የእኔዋ ግን ሁለት ወር ሙሉ ምንም ሳትል ሠርታ ነው የታመመችው። ይህንን ያኔ ቁጭ ብዬ ባስበው ኖሮ አንተን ባላስቀየምኩ።

ጋሼ ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለውን ፑሊ ይዘው ገፋ ሳብ አደረጉት። በእጅ የሚሰማ ጨዋታ አለው። በመለኪያ ሲያዩት ከ0.20 ሚሊ ሜትር አለፈ። መሆን ያለበት ከ0.07 እስከ 0.13 ነው። ከዚያ ዘይቱን ሳህን ላይ ገለበጥነው። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ፀሐይ ላይ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ታውቃለህ፣ ቮልስ ሲወለድ የወረቀት ፊልትሮ የለውም። ከታች ያለችው የሽቦ ወንፊት ብቻ ናት። ወንፊቷ ላይ ፍርፋሪ ተሰብስቧል።

ማግኔት አስጠጉበት፤ አልተነሳም። ስለዚህ ከክራንኩ የተቦረቦረ ብረት አይደለም። ቀጥለው ያደረጉትን ግን በሕይወቴ አልረሳውም። ልጁን አቼቶ አስገዙ። ከፍርፋሪው ትንሽ ቆንጥረው በቤንዚን አጠቡና አቼቶው ውስጥ ጨመሩት። ወዲያው እንደ አምቦ ውሃ ፈላ። የቮልስ ብሎክ ከማግኒዚየም ቅይጥ ነው የሚሠራው፤ ማግኒዚየም ደግሞ አቼቶ ሲነካው ይፈላል። አሉሚኒየም ቢሆን ዝም ይል ነበር። ቅርጹንም በማጉያ መነጽር አሳዩኝ። እንደ እርሳስ ልጫጭ ጥቅልል ያለ ነው። ተፋትጎ ያለቀ ነገር እንዲህ አይጠቀለልም። በቶርኖ ቢላ የተቆረጠ ነው።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ብሎኩን ለሁለት ከፍለን ቶርኖ ቤት ወስደነው አልነበር? የባንኮ ብሮንዚን፣ ክራንኩን ብሎኩ ላይ የሚይዘው፣ መቀመጫዎቹ ተበልተው ስለነበር በግማሽ ሚሊ ሜትር አሰፉልን። ለዚህ ነው የውጭው ልኩ 0.50 የሚበልጥ እንድትልክልኝ የጻፍኩልህ። ሲቆርጡ ልጫጩ ብሎኩ ውስጥ ያሉት የዘይት መስመሮች ውስጥ ገባ። የመስመሮቹ ጫፍ በአሉሚኒየም ጠጠር የተደፈነ ነው። ጠጠሩ ካልወጣ የቱንም ያህል ብታጥበው ውስጡ አይጠራም። እነሱ አላወጡትም። እኔም አውጡልኝ አላልኩም። ወንፊቷ ደግሞ ያለችው ከዘይት ፖምፓው በፊት ነው። ከፖምፓው ወዲያ ያለ ቆሻሻ መጀመሪያ ብሮንዚኑን ልጦ ነው ወንፊቷ ጋ የሚደርሰው።

የቤላ ብሮንዚኖቹን አንድ በአንድ አጥቤ መዳፌ ላይ አስቀመጥኳቸው። ፊታቸው በዙሪያው ተጭሯል፤ ጭረቱ ክራንኩ የሚዞርበትን አቅጣጫ ተከትሎ ይሄዳል። እዚህም እዚያም ነጭ ነጥብ ተሰክቶበታል። ላይኛው ግራጫ ልባስ ያለቀበት ቦታ መዳቡ ቀይ ሆኖ ወጥቷል። ገልብጬ ጀርባቸውን አየሁ። ንጹሕ ነው። ጥርት ብሎ፣ ሙሉ በሙሉ ተቀምጦ የኖረ ብሮንዚን ጀርባ። ካርቶኑን አልጣልኩትም ነበር፤ ከቆጥ ላይ አወረድኩት። የተጻፈበት ልክ እኔ ካዘዝኩህ ጋር አንድ ነው። በጣም አፈርኩ። እዚያው ጋራዡ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ ብልህ አታምነኝም።

ጠጠሮቹን በድሪል አወጣናቸው። ረጅም የጡጦ ብሩሽ አስገብተን ስንስበው አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሞላ ልጫጭ ወጣ። በቤንዚን፣ ቀጥሎ በሙቅ ውሃና ሳሙና፣ ቀጥሎ በአየር። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። ጫፎቹን ጥርስ አውጥተን በቡሎን ዘጋናቸው፤ ለወደፊቱ በመፍቻ ይከፈታሉ። ክራንኩ ተፍቆ በ0.50 ሚሊ ሜትር ወደሚያንሰው ልክ ወረደ። አዲሱን ብሮንዚን ዱባይ የሚመላለስ ሰው አመጣልኝ። ላንተ ልጽፍ አልደፈርኩም።

ፊልትሮም ጨመርንላት። «ሞተሩ አንዴ ከተከፈተ ፊልትሮ እንጨምርበት» ብለህ ስትለምነኝ «አባቴ እንደተዋት ትሁን» ያልኩህ እኔ ነኝ። ያኔ ብሰማህ ዛሬም ብዙው ነገር ደህና ነበር።

ቅዳሜ አስነሳናት። መብራቷ ወዲያው ጠፋች። እሁድ እንጦጦ ድረስ ወጥቼ ተመለስኩ። ግላ እያለች ሚኒሞ ላይ አቆየኋት። መብራቷ አልበራችም። ጋሼ ጆሯቸውን አስጠግተው ብዙ ሰሙና ኮፈኑን ዘጉት።

ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ያለ ጥፋትህ ነው የተናገርኩህ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዲት ብሮንዚን ልኬልሃለሁ። ሦስተኛው ቤላ ላይ የነበረችው ናት። ፊቷን ተወው፤ ጀርባዋን እየው። እሁድ በእናንተ ጠዋት እደውልልሃለሁ። መኪናዋን አስነስቼ ስልኩን ሞተሩ አጠገብ አደርግልሃለሁ።

ለእማማ እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ።

ወንድምህ