ሳይጠጣ የቀረው ቶና፦ የፊልምና ውይይት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የያዘው አንድ ጉዳይ ነው፤ የተናጋ ትዳርና ጸሎት። ርዕሱን የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። ጥቅምት ላይ በመጀመሪያው ስብሰባችን እያንዳንዱ ማየት የሚፈልገውን የፊልም ዓይነት በብጣሽ ወረቀት ጽፎ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ። የጦርነትና የመኪና ማሳደድ ፊልም ይበዛል ብዬ ስጠብቅ፣ ብዙዎቹ የጻፉት ስለ ባልና ሚስት ሆኖ አገኘሁት። አንዷ «እናትና አባት ሲታረቁ የሚያሳይ» ብላለች። ያቺን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልኳትም።

ትምህርት ቤት የስብከት ቦታ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ይደነግጋል። ስለዚህ ፊልሞቹን እንደ ፊልም ልናይ፣ ታሪካቸውንና አሠራራቸውን ልንመረምር ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተስማማን። በክበቡ የኦርቶዶክስ፣ የእስልምናና የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዮች አሉ። በዓመቱ ውስጥ አንዱ በሌላው እምነት ላይ ሲፈርድ አልሰማሁም፤ በዚህ እኮራባቸዋለሁ።

መጀመሪያ ያየነው እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን «ፋየርፕሩፍ» ነው። የሠሩት በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ በኦልባኒ ከተማ ያለ የአንድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ ከተዋንያኑም አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኛ ምእመናን ነበሩ። 500 ሺህ ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከ33 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ተማሪዎቼን ይበልጥ የገረማቸው ግን ሌላ ነው። መሪ ተዋናዩ ከርክ ካሜሮን ከሚስቱ በቀር ሌላ ሴት አልስምም ስላለ፣ በመሳሙ ትዕይንት ላይ በተዋናይቷ ቦታ የገባችው የገዛ ሚስቱ ናት።

ታሪኩ ከሚስቱ ጋር ሊፋታ ጫፍ የደረሰ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ታሪክ ነው። አባቱ የ40 ቀን ተግባር የተጻፈበት ደብተር ይሰጠዋል፤ በየቀኑ አንድ ነገር ለሚስቱ እንዲያደርግ። ቁጥሩን ሲሰሙ ተማሪዎቹ ወዲያው የጌታን ጾም አነሡ። ሰውዬው መጀመሪያ ላይ ለግዴታ ያህል ርካሽ አበባ ይገዛል፣ ሚስቱም አትሰማውም። በኋላ ግን ለጀልባ መግዣ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለሚስቱ እናት ተሽከርካሪ ወንበርና አልጋ ያውለዋል። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በአንድ ድምፅ «የተለወጠው እዚህ ጋ ነው» አሉ። እኔም እንደዚያው አምናለሁ፤ የሚወደውን ነገር ያልነካ ጸሎት ገና አፍ ላይ ነው።

ሁለተኛው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ዋር ሩም» ነው። አንዲት አሮጊት የልብስ ማስቀመጫ ክፍሏን የጸሎት ቤት አድርጋ፣ ትዳሯ የተናጋባትን ወጣት ሴት እንዴት እንደምትጸልይ ታስተምራለች። ሐሳቡ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የመጣ ነው። በቀድሞው የእንግሊዝኛ ትርጉም ያለው «ክሎዜት» የሚለው ቃል ዛሬ የልብስና የዕቃ ማስቀመጫ ጠባብ ክፍል ይባልበታል፤ የእኛው መጽሐፍ ግን «ወደ እልፍኝህ ግባ» ይላል። በዚህ ቃል ላይ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቆየን። እልፍኝ ያለው ቤት ያላቸውም የሌላቸውም ተናገሩ። አንዲት ሙስሊም ተማሪ አያቷ የሚሰግዱበትን ጥግና ሁልጊዜ ተጠቅልሎ የሚቆመውን ምንጣፋቸውን ስትገልጽ ክፍሉ ጸጥ ብሎ አዳመጣት።

ባልየው ከሌላ ሴት ጋር እራት ሲበላ፣ ሚስቱ ደግሞ ቤቷ ሆና ስትጸልይ መብራት ጠፋ። የሚሆነውን ለማወቅ አንድ ሳምንት ጠበቅን። በሳምንቱ ሰውዬውን ድንገት ሆዱን ሲያመውና ወደ ቤቱ ሲመለስ አየን። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ፤ «መምህር፣ ሆዱን ባያመውስ?» ዓመቱን ሙሉ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አልቀረበም። በእኔ እምነት ፊልሙ ራሱ የሚመልሰው በኋላ ላይ ነው፤ ሰውዬው ከመሥሪያ ቤቱ የወሰደውን መድኃኒት ይዞ ሄዶ በገዛ አፉ ሲናዘዝ። ያን ጊዜ ያስገደደው ሕመም የለም።

መጨረሻ ላይ ባል የሚስቱን እግር ይዞ ሲያሽላት ወንዶቹ ተንጫጩ። በእኛ አገር እግር የሚታጠበው አባወራና እንግዳ ነው፤ አጣቢዋም ሴት ወይም ልጅ። አንዱ ግን «ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ካህኑስ የሁላችንን እግር ያጥቡ የለ?» አለ። ጫጫታው ቆመ።

አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ «ቢመታትስ?» ብላ ጠየቀች። በሁለቱም ፊልሞች ይህ አልተነካም፤ እኔም እንደ ጉድለት እቆጥረዋለሁ። አቋሜን አልሸሸግሁም። ጸሎት የምትደበደብን ሴት ዝም በይ የሚል ትእዛዝ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል ያደርገዋል። አንቀጹን በሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፤ ሁሉም ገለበጡት።

ከጥር ጀምሮ በስልክ የራሳችንን አጭር ፊልም ሠራን። የደብረ ብርሃን ነፋስ ደጅ የቀረጽነውን ድምፅ ሁሉ ስለዋጠው ታሪኩን ወደ ቤት አስገባነው፤ ቡና ላይ። ባልን የሚጫወተው ልጅ በመጀመሪያው ቀረጻ ጮኸ፣ ረከቦቱንም በእግሩ ገፋ። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ አስቆመችን። «የተጣሉ ሰዎች እንዲህ አይጮሁም» አለች። «እኛ ቤት ሲጣሉ ዝም ነው። አባቴ አቦሉን ጠጥቶ ይነሣል። እናቴ ቶናውን ቀድታ ትጠብቀዋለች።» ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

እንደ ነገረችን ቀረጽነው። ካሜራው ስኒዋ ላይ ይቆያል፤ እንፋሎቱ እየሳሳ ይሄዳል፣ ከዚያም ይጠፋል። ሴትየዋ ወደ እልፍኝ ትገባለች፤ ስትጸልይ አናሳያትም፣ የተዘጋውን በር ብቻ ነው የምናሳየው። ስትወጣ የከረመውን ሁሉ ለባሏ ትነግረዋለች። እርቁ እንዴት ይታይ የሚለው ክርክር ሁለት ሳምንት ወሰደ። ይቅርታ ይጠይቅ፣ ያልቅስ፣ ሽማግሌ ይምጣ ተባለ። በመጨረሻ ያ ስለ ሆድ ሕመም የጠየቀው ልጅ «ስኒውን ይጠብ» አለ።

ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን አሳየነው። ባልየው እጅጌውን ሰብስቦ ስኒዎቹን ሲያጥብ ከአባቶች ወገን ሳቅ ተነሣ፤ ከእናቶች ወገን ግን የሳቀ አላየሁም። ሲያልቅ ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ወደ ልጆቹ መጥተው «በረካውስ ልጆቼ? ሳይጠጣ ቀረ?» አሏቸው። የአሥረኛ ክፍሏ ልጅ በማግስቱ አዲስ ደብተር ይዛ መጣች። እስካሁን ሁለት ትዕይንት ጽፋለች።