የድጋፍ ነጥቡ የሚደመረው ሴቷ ከወደቀች በኋላ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የዩኒቨርሲቲ ሹመት በተሰማ ቁጥር «ሴቶቹ የት ሄዱ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ «አይወዳደሩም» የሚል ነው። የውድድር ማስታወቂያውን እስከ ታች ያነበበ ግን በዚህ መልስ አይረካም።

ለዲንነት የወጣ ማስታወቂያ «ረዳት ፕሮፌሰርና ከዚያ በላይ፣ በትምህርት ክፍል ኃላፊነት 2 ዓመት የሠራ/ች» ይላል እንበል። ኮሚቴው መጀመሪያ በዚህ መስፈርት ያጣራል። ያለፉት ዕቅዳቸውን አቅርበው ነጥብ ይያዝላቸዋል፤ ለሴት ተወዳዳሪ የሚሰጠው የድጋፍ ነጥብም የሚደመረው እዚሁ ላይ ነው። በማጣሪያው የወደቀችዋ 3 ነጥብ ተባለላት 10፣ የሚደመርበት ውጤት የላትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ያሰፈረው የድጋፍ እርምጃ «/ች» ሆኖ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ማዕረግ የሚገኘው በትምህርት፣ በአገልግሎት ዘመንና በታተመ ጥናት ነው። ደብረ ብርሃን ወይም ፍቼ የምታስተምር ሴት ሦስተኛ ዲግሪዋን የምትጀምረው ብዙ ጊዜ በመውለጃዋ ዕድሜ ነው። የወሊድ ፈቃዱ 120 ቀን ነው፤ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 በኋላ። ጥናቱ የሚዘገየው ግን በ120 ቀን ብቻ አይደለም። በመኸር ማሳ ላይ ገብስ የምታጠና ተመራማሪ ፈቃዷ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ካረፈ፣ የሚቀጥለውን ክረምት ትጠብቃለች። አማካሪዋ አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል መመላለስ አለ፤ አራስ ልጅ ታቅፎ።

የአመራር ልምዱ ጉዳይ ይብሳል። ኃላፊው ለትምህርት ሲሄድ ወንበሩ ያለ ውድድር፣ በአንድ ደብዳቤ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ቦታው ማስታወቂያ ሲወጣበት «ልምድ ያለው» ያው ተጠባባቂ ነው። ሴት መምህራን በብዛት የሚመደቡበት የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ግን ዕቅድና በጀት፣ የቅሬታ መዝገብም እያለው፣ እንደ አካዳሚክ አመራር ካልተቆጠረ አምስት ዓመት መርተውትም ማጣሪያውን አያልፉም። ክፋት ነው ለማለት አይደለም፤ የድሮውን ቅጽ ቀን ቀይሮ የማተም ስንፍና ነው።

በጥቅምት 2011 ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች የሆኑት በአንድ ቀን ሹመት ነው። ዲን ግን በአንድ ቀን አይገኝም፤ ከታች ካልተዘጋጀ ከላይ አይመጣም።

ስለዚህ የድጋፍ ነጥቡ ከመጀመሪያው ማጣሪያ ላይ ይታሰብ፤ የሥርዓተ ፆታ ቢሮና የፕሮግራም አስተባባሪነት ልምድ ይቆጠር። ተጠባባቂነት ከ6 ወር እንዳያልፍ፣ ያ ጊዜም ለውድድር ነጥብ እንዳያስገኝ ይደንገግ። ማስታወቂያው በወሊድ ፈቃድ ላይ ላሉትም በስልክ ይነገራቸው፤ በግቢው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ቀኑ የሚያልፍ ማስታወቂያ ቤት ላለች አራስ አልወጣም ማለት ነው። ስብሰባም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አይጠራ፤ ሕፃናት ማቆያው ሲዘጋ ማን እንደሚሮጥ ይታወቃል።

የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ደግሞ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት እንዳመለከቱ፣ በየደረጃው ማን በየትኛው መስፈርት እንደወደቀ ይመዝግብ። አንድ ገጽ አይሞላም። የእናንተም ዘጋቢ የሹመት ዜና ሲሠራ ያቺን ገጽ አሳዩኝ ይበል።

ከሰላምታ ጋር
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ