ጉልቤው ስም የለውም

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከረምክ? እማስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። አልሐምዱሊላህም ብለናል፣ እግዚአብሔር ይመስገንም ብለናል። ቤታችንን ታውቀው የለ፤ አንዱን ብቻ ብል ግማሹ ቤተሰብ ያኮርፈኛል።

ማን ጠፋ ማን ቀረ ብለን አንነታረክ። ሁለታችንም ጠፋን፣ አበቃ። አሁን የምጽፍልህ አንድ ነገር ይዞ ስላስቸገረኝ ነው።

ለልጆች የሚሆን ታሪካዊ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። አትሳቅ። ዘመኑ 1928፣ ቦታው እዚሁ ደሴ ነው። ዋናው ልጅ ከሐይቅ በኩል የመጣ ቆሎ ተማሪ ነው፤ ገና አሥር ዓመቱ። ጦሳ ተራራ ግርጌ ካሉት የተማሪ ጎጆዎች በአንዷ ያድራል። ጓደኛው ደግሞ እዚያው አካባቢ ከአንድ ሼህ ዘንድ ቁርዓን የሚቀራ ደረሳ ነው። አንዱ ዳዊት ይደግማል፣ አንዱ ሉሁን፣ የእንጨት መጻፊያ ሰሌዳውን፣ አጥቦ እንደገና ይጽፋል። ሁለቱም የሚያድሩት መንደሩ በሚሰጣቸው ነው። ስለዚህ ሲገናኙ ስለ ሃይማኖት አያወሩም። የማን ውሻ እንደታሰረ፣ የት ተዝካር፣ የት ሰደቃ እንዳለ ነው የሚያወሩት።

ጎጆዋ ውስጥ አንድ ትልቅ ተማሪ አለ። ማታ ማታ በር ላይ ይቀመጥና የትንንሾቹን አኩፋዳ ይፈትሻል። እጁን ከትቶ ያገላብጣል። ለስላሳውን እንጀራ፣ ሽሮ የነካውን፣ ለራሱ ያወጣል። የደረቀውን ይመልስላቸዋል። አይጮህም፣ አይመታም። አፉ ውስጥ ከትቶ እያላመጠ «ዛሬ ጨው አንሶታል» ይላል። ልጁ ለሰጠችው ሴትዮ ጨው ጨምሪ የማለት ግዴታ ያለበት ይመስል!

መጽሐፉ ስለ ጦርነቱ ይሆናል ብዬ ነበር የጀመርኩት። ባለፈው ዋናውን ምዕራፍ ለእህቴ ልጅ አነበብኩላት። ኅዳር 26፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡበት ቀን ነው። ብዙ ደክሜበታለሁ። ቀኑን ስቆጥር ዓርብ ሆኖ አገኘሁት። የነቢያት ጾም ገብቷል፣ ረመዳንም ነው። ሁለቱም ልጆች ቦምቡ ሲወድቅ ጾመኛ ናቸው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር እኔ ከራሴ አላመጣውም። ቀይ መስቀል የተሣለበት ሆስፒታል ሳይቀር መመታቱንም አስገብቻለሁ። ጃንሆይ ፀረ አውሮፕላን መሣሪያውን ይዘው የሚታዩበትን ፎቶ ግን ተውኩት። ቦይ ውስጥ በደረቱ የተኛ ልጅ ጃንሆይን ከየት ያያል?

ልጅቱ ጸጥ ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እሺ፣ ያ ትልቁ ልጅ ነገም ምግቡን ይቀማዋል?»

አውሮፕላኑ ጉዳይዋም አልነበር። አውሮፕላን አላየችም፣ ጉልቤ ግን ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ ሳስበው፣ ልጅ ትልቁን ፍርሃት የሚያምነው ትንሹን ፍርሃት ካመነ በኋላ ነው። መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን ልጅ ካላሳየኸው ቦምቡ ርችት ይሆንበታል።

«ለየኔታ ለምን አይነግራቸውም?» አለችኝ ደግሞ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን በዚያ ትምህርት ቤት ትንሹን የሚያስጠናው ትልቁ ተማሪ ነው። ልጁ ንባቡን የሚያሰማው ለዚያው ለሚቀማው ልጅ ነው። ዛሬ ቢናገር ነገ «ይሄ ልጅ አልያዘም» ይባልበታል፤ አለንጋው እሱ ላይ ያርፋል። እናት አባት አጠገቡ የሉም። ብዙው ቆሎ ተማሪ ከቤቱ ጠፍቶ የወጣ ነው፤ ወዴት ይመለሳል? ይህን ሳስረዳት «እኛም ጋ እንደዚያው ነው» ብላኝ ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔ ደርቄ ቀረሁ።

ደረሳው ጉልበት የለውም። እንዲያውም ከጓደኛው ያንሳል። የሚችለው አንድ ነገር ነው። ቆሎ ተማሪው ለምኖ ሲመለስ መንገድ ላይ ይጠብቀውና ለስላሳውን እንጀራ ተቀብሎ ኩታው ሥር ይደብቅለታል። አኩፋዳው ውስጥ ለፍተሻ የሚቀረው ደረቁ ብቻ ነው። መግሪብ ሲል ቁልቋሉ አጥር ጥግ ተገናኝተው አብረው ይበላሉ። ቀኑን ሙሉ የሚጾም ልጅ የሰው እንጀራ ታቅፎ ይውላል፣ ሽታው አፍንጫው ሥር ነው። ከጻፍኩት ሁሉ ይህችን እወዳታለሁ።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ ልምጣ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ረቂቁን አንብቦ «ቦምቡ ሲወድቅ ጉልቤው ተጸጽቶ ይቅርታ ይጠይቀው፣ ይታረቁ» አለኝ። አልተዋጠልኝም። ጣሊያን ሰው አስታርቆ አያውቅም። እኔ ጋ እንዲህ ነው፤ ትልቁ ልጅ ቦዩ ውስጥ ትንሹ ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል፣ እጁን ይዞ አልለቅም ይላል፣ «እማዬ» ይላል። አውሮፕላኑ ሲሄድ ልብሱን አራግፎ ይነሣል። በነጋታው ማታ በር ላይ ተቀምጧል። አሁን ግን ምግቡ አይበቃውም፤ ልጁንም መማታት ይጀምራል። ምክንያቱም ታይቷል።

ይህን ከየት እንዳመጣሁት አንተ ታውቃለህ። ያ ከሰኞ ገበያ ወዲያ ቤታቸው የነበረ ልጅ፣ አባቱ በቀበቶ ሲገርፈው በአጥሩ ቀዳዳ ያየንበት ቀን። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እስከዚያ ድረስ ሳንቲማችንን ነበር የሚወስደው። ከዚያ በኋላ ደብተራችንን እየቀደደ ቦይ ውስጥ ይጥል ጀመር። በሮቢት በኩል የሚዞረውን መንገድ ያወጣኸው አንተ ነህ። ቤት የምንደርሰው መሽቶ፣ ጫማችን ጭቃ ሆኖ ነበር፤ ዱላው ደግሞ ከእናቶቻችን። ቢሆንም ያ መንገድ ደስ ይለኝ ነበር። ስንቱን ወሬ አውርተንበታል!

ለጉልቤው እስካሁን ስም አላወጣሁለትም። ያነሣሁት ስም ሁሉ የማውቀው ሰው ሆነብኝ። የዚያን የኛን ልጅ ስም ላወጣለት ፈልጌ ነበር፣ ግን እሱም ዛሬ የልጆች አባት ነው። «ትልቁ ልጅ» እየተባለ ይሄዳል።

መጨረሻው ከባድ ነው። መጋቢት 22 የማይጨው ጦርነት ይሆናል። ሚያዝያ 7 ጣሊያን ደሴ ይገባል። ሦስቱ የመጨረሻ ምዕራፎች በእነዚህ አሥራ አምስት ቀናት ውስጥ ናቸው። ተማሪው ሁሉ ይበተናል፤ ትልቁ ልጅም አንድ ጧት ከጎጆው ይጠፋል። አይቀጣም። ማንም አይፈርድለትም፣ አይፈርድበትም። የሰው ሁሉ ሐሳብ ሌላ ጋ ነው፣ ጦርነት እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለማየት ጊዜ የለውም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ትንሹ ልጅ ቦዩ ውስጥ ያየውን በተማሪው ሁሉ ፊት ይናገር ወይስ ዝም ይበል? የእህቴ ልጅ «ያዋርደው!» ባይ ናት። እኔ ለደረሳው ብቻ ይንገረው ነው የምለው። እኛስ ያየነውን ለማን ነገርን? ለማንም። ደግ አደረግን ወይስ ፈራን? እኔ ሁለቱም ይመስለኛል፤ አንተን ግን ጠይቄህ አላውቅም።

ረቂቁን እልክልሃለሁ። መጀመሪያ ለልጅህ አንብብላት፣ የት ላይ እንደሰለቻትም ሳትደብቅ ንገረኝ። መልሱን በቴሌግራም በድምፅ ቅዳልኝ፤ ጽሕፈትህን ማንበብ እንደሆነ ዱሮም አልሆነልኝም።

ያንተው፣
ከደሴ