መጀመሪያ ጫማዋ፣ ቀጥሎ እግሯ፣ ፊቷ መጨረሻ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ለናንተ ይሁን። በቀደም ስለ አማርኛ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ያወጣችሁትን ፅሁፍ አነበብኩት፣ ጥሩ ነው፣ ግን ፀሐፊው ሴት ገፀ ባህሪዎቻችን ገላና ፍርሃት ብቻ የሚሆኑት በስክሪፕት ድክመት ነው ብሎ ነገሩን ዘጋው። እኔ እዚህ ጅማ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እያደረግኩ የምኖር ሴት ነኝ፣ አልፎ አልፎ ለዩቲዩብ አጭር ፊልም የሚሰሩ ልጆችም ስራቸውን ያመጡልኛል፣ እና ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ሳየው ችግሩ ያለው ስክሪፕቱ ጋ አይመስለኝም። ስክሪፕቱ ላይ "ማታ። አንዲት ሴት ወደ ቤቷ ትሄዳለች" ይላል፣ አለቀ። ከዛ በኋላ ያለው ነገር፣ ካሜራው የት ቆመ፣ ከፍ አለ ወይስ ዝቅ፣ ሾቱ (ሳይቆረጥ የሚታየው አንዱ ቅጂ) ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ምን ድምፅ ገባበት፣ ሴትየዋ ገና አንድ ቃል ሳትናገር ማን እንደሆነች የሚወስነው እሱ ነው።

በቅርቡ የመጣልኝን ልንገራችሁ፣ ልጆቹን ላለማሳፈር ስም አልጠራም። የልብ አንጠልጣይ ፊልም መክፈቻ ነው፣ ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ልጅቷ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ከባጃጅ ወርዳ በእግሯ ወደ ቤቷ ትገባለች፣ የሆነ ሰውዬ ይከተላታል፣ ይኸው ነው። ፋይሎቹን ስከፍታቸው የመጀመሪያው ሾት ታኮ ጫማዋ ኮብልስቶኑ ላይ ሲያርፍ ነው፣ ክሎዝ አፕ፣ በጣም ተጠግቶ። ሁለተኛው ከጉልበቷ በታች ከኋላ፣ በስሎው ሞሽን። ሦስተኛው ወገቧ፣ አራተኛው ፀጉሯና አንገቷ፣ እሱም ከኋላ። ፊቷን የምናየው አምስተኛው ላይ ነው፣ ያውም ደንግጣ ዞር ስትል። ይሄ ማለት እኮ ልጅቷን የምንተዋወቃት ከፈራች በኋላ ነው፣ ከዛ በፊት እንደ በዓል ዶሮ ብልት በብልት ተገነጣጥላ ነው የቀረበችልን። ሰውዬውስ? አንድ ሾት። ካሜራው መሬት ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ ያየዋል፣ ኮፍያ ያለው ጃኬት ለብሷል፣ የመንገዱ መብራት ከጀርባው ነው፣ ፊቱ አይታይም ግን ቁመቱ ፍሬሙን ሞልቶታል። ሁለቱም ስም የላቸውም፣ ሁለቱም አንድ ቃል አልተነፈሱም፣ ግን እሱን ማነው ብላችሁ ትጓጓላችሁ፣ እሷን ደግሞ ምን ትሆን ይሆን ብቻ ነው የምትሉት።

የድምፁ ነገር ደግሞ ይብሳል። ጅማን የሚያውቅ ያውቃል፣ ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ድምፅ መቅዳት ዘበት ነው፣ ዝናቡ ከጀመረ ማይኩን ጠቅልሎ መቀመጥ ነው፣ ስለዚ ኮቴው ከኢንተርኔት ወርዶ ገባ፣ ትንፋሿ ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ ጠብቀው ቤት ውስጥ በስልክ ቀዱት። እኔም እዛው ነበርኩ። ልጅቷ ጥሩ አድርጋ ተነፈሰች፣ ልክ ሮጦ እንደመጣ ሰው፣ ዳይሬክተሩ ግን "ጨምሪ፣ ትንሽ ጨምሪ" ይላል፣ እሷም ትጨምራለች፣ መጨረሻ ላይ የወጣው ድምፅ የፍርሃት መሆኑ ቀርቶ በር ላይ የቆሙት ልጆች እርስ በርስ እየተያዩ መሳቅ ጀመሩ። እሷም ገባት፣ አንገቷን ደፋች። ፊልሙ ላይ የገባው ያ ድምፅ ነው። የሰውዬውን ትንፋሽ የቀዳ የለም፣ ለሱ የተሰጠው ቤዝ ያለው ሙዚቃ ነው፣ ገና ሳይመጣ ደረት የሚመታ።

ዳይሬክተሩ ባለጌ ሆኖ አይደለም፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ብትጠይቁት "ልብ አንጠልጣይ እንደዚ ነው የሚጀምረው" ነው የሚላችሁ፣ እውነቱንም ነው፣ ያየው ሁሉ እንደዛ ነው የሚጀምረው። የስፒልበርግን ጆውስ ውሰዱ፣ ያን የሻርክ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. 1975 የወጣውን። ልጅቷ ባህር ዳር እሳት ከከበቡት ጓደኞቿ ተነስታ ልብሷን እያወለቀች ትሮጣለች፣ አንድ የሰከረ ልጅ ይከተላታል፣ እሷ ውሃው ውስጥ ስትገባ ካሜራው ከስሯ ገብቶ ሰውነቷን ከታች ወደ ላይ ያያል። ሻርኩ አይታይም፣ ምክንያቱም ካሜራው ራሱ ሻርኩ ነው፣ ሙዚቃውን የሰራው የጆን ዊሊያምስ ሁለት ኖታ እየፈጠነ ሲመጣ እኛም አብረን ነው የምንጠጋት። እሷ ስትጮህ ልጁ አሸዋው ላይ ተዘርግቷል። የጆን ካርፔንተር ሃሎዊን ላይም፣ 1978 ነው እሱ፣ መክፈቻው ያልተቆረጠ እስኪመስል ድረስ ረዥም ሾት ነው፣ በገዳዩ ዓይን በመስኮት እናያለን፣ ኩሽና ገብተን ቢላ እናነሳለን፣ የልጅቷ ጓደኛ ደረጃውን ወርዶ በሰላም ሲሄድ እናየዋለን፣ ከዛ ፎቅ ወጥተን ጭምብል እናጠልቃለን፣ ፍሬሙ ሁለት ቀዳዳ ይሆናል፣ በቀዳዳው ውስጥ መስታወት ፊት ግማሽ ራቁቷን ፀጉሯን የምታበጥር ልጅ አለች። ገዳዩ የ6 ዓመት ወንድሟ እንደሆነ የምናውቀው ከሞተች በኋላ ነው። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ላይ አብሯት የነበረው ወንድ ከመክፈቻው በሕይወት ይወጣል። 1996 የወጣው ስክሪም መክፈቻ ላይ የልጅቷ ወንድ ጓደኛም ይገደላል፣ ግን የሱ ቶሎ ያልቃል፣ የሷ ነው ገዳዩ ከሚደውልላት ስልክ ጀምሮ እየተጎተተ የሚሄደው።

የሚገርመው ጆውስ በወጣበት በዛው በ1975 ነው ላውራ መልቪ የምትባል እንግሊዛዊት የሆሊውድ ካሜራ የሚያየው በወንድ ዓይን ነው፣ ወንዱ ተመልካች ሴቷ ታዪ ናት ብላ የፃፈችው። ፅሁፉ ብዙ ክርክር አስነስቷል፣ ሴት ተመልካችስ የት ገባች ተብላ ራሷም ቆይታ ተመልሳ ፅፋበታለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ነገር አይደለም፣ ግን ሰርግ የሚቀርፅ ሰው ሁሉ በእጁ የሚያውቀው ነገር ነው (ሙሽራዋ ስትለብስ ስንት ደቂቃ ይቀረፃል፣ ሙሽራው ሲለብስስ? እሱን ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ)።

አሁን "ታዲያ ምን ይደረግ፣ ሴት የሌለችበት ፊልም ይሰራ?" የሚል አይጠፋም። ማን አለ? ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስን እዩት፣ 1991፣ የጆናታን ዴሚ። እሱም የሚጀምረው ጫካ ውስጥ ብቻዋን ባለች ሴት ነው፣ ጭጋግ አለ፣ ካሜራው ይከተላታል፣ ትንፋሿም ይሰማል፣ ማለቴ የኛ ልጆች የተጠቀሙበት ዕቃ በሙሉ አለ። ግን ትንፋሿ የድካም ትንፋሽ ነው፣ ልጅቷ የኤፍቢአይ ሰልጣኝ ናት፣ በገመድ ዳገት ትወጣለች፣ ሹራቧ በላብ ርሷል፣ ፊቷን ገና ከመጀመሪያው ነው የምናውቀው፣ ካሜራው ጭኗ ላይ የሚቆይበት ሰዓት የለም። ከዛ አሳንሰር ውስጥ ትገባለች፣ ዙሪያዋን ቀይ ቲሸርት የለበሱ ረጃጅም ወንዶች፣ እሷ መሃል ላይ አጭር። አንድ ቃል ሳይነገር ይህቺ ልጅ የምትሰራበትን ቦታ ጨረስነው። ፊልሙ ላይ ደግሞ ወንዶቹ ሲያናግሯት ቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ነው የሚያዩት፣ ስለዚ የሚታየው ሰው እኛ እንሆናለን፣ ያ ዓይን በኛ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ወንድ ተመልካች ጭምር ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። ያ ፊልም አምስት ኦስካር ወስዷል፣ አንዱ ለዋናዋ ተዋናይት ነው፣ ማለትም ሰው አያይልንም የሚባለው ነገር ብዙም አያስኬድም።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ከስታይልም በላይ ነው። መንገድ ላይ ብቻዋን የምትሄድ ልጅ፣ ከኋላዋ ወንድ፣ ይሄ ለኛ ከውጪ ፊልም የመጣ ሥዕል ብቻ አይደለም፣ ጠለፋ የሚባል ነገር የነበረበት፣ ያለበትም አገር ነው። 2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ድፍረት የተባለው ፊልም ላይ የ14 ዓመቷ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ናቸው የሚይዟት። ልብ አንጠልጣይ ፊልም አይባልም፣ ግን ማንም እሱን ያየ ሰው ልጅቷን የተማሪ ቤት ልጅ አድርጎ ነው የሚያስታውሳት፣ ታኮዋን አይደለም።

ለልጆቹ ያልኳቸውን ልፃፍላችሁ፣ ሌላ የሚሰራ ሰው ካለም ይውሰደው፣ አላስከፍልም። ከባጃጁ ለምን ትወርዳለች? እዛው ውስጥ ጀምሩ። ማታ ብቻዋን ባጃጅ የተሳፈረች ሴት ሁሉ የምታውቃት መስታወት አለች፣ ከሾፌሩ ፊት ያለችው፣ መንገዱን ትታ ወደ ኋላ ወንበር የዞረችው። ካሜራውን እሷ ጎን ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጡት፣ ትከሻዋ ጋ፣ መስታወቷ ውስጥ ሁለት ዓይን ብቻ ይታይ። ዝናብ ነው፣ ሸራው በሁለቱም በኩል ወርዷል፣ ውጪው አይታይም፣ የት እንደደረሰች የምታውቀው በጉድጓዱ ነው። ዓይኗን ከመስታወቷ ታነሳለች፣ ስልኳን ታወጣለች፣ ማንም ሳይደውልላት ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፣ "አዎ ወንድሜ፣ ደረስኩ፣ በሩ ላይ ጠብቀኝ" ትላለች። ስልኩ እንደጠፋ እኛ ስክሪኑን እናያለን፣ ሾፌሩ ግን አያይም። በቃ፣ አንዲት ሴት ብልህ እንደሆነች፣ እንደፈራች፣ ፍርሃቷን እንዴት እንደምትደብቅ በሃያ ሰከንድ አወቅን፣ እግሯን ሳናይ። ያ ማይካችንን የሚያበላሸው ዝናብም ሸራው ላይ ሲወርድ ራሱ ሳውንድ ነው፣ ሙዚቃም አያስፈልገው።

ከዛ ደግሞ ገልብጡት። ሾፌሩስ ለምንድነው የሚያየው? የባጃጅ ሾፌር ማታ የማያውቀውን ሰው ከኋላው አስቀምጦ ሲነዳ አይፈራም ያለው ማነው፣ አንገቱ እኮ ክፍት ነው። ካሜራውን ወደሱ አምጡት፣ እጁ መሪው ላይ ሲጠነክር፣ ምራቁን ሲውጥ፣ ትንፋሹን ቅዱት አንዴ እንኳን። ወንድ ተዋናዮቻችንም እኮ ተበድለዋል፣ ትከሻው ሰፋ ያለ ሁሉ ጥቁር ጃኬት ለብሶ ከታች ወደ ላይ ሲቀረፅ ነው የሚኖረው፣ አንድም ቀን ፈርቶ አያውቅም፣ ፍርሃትን ለሴቷ ብቻ ነው ያከፋፈልነው።

ልጆቹ ሃሳቡን ወደዱት፣ ሸራውና መስታወቷ ገብተዋል፣ ስልኩም። ግን ታኮው አልወጣም፣ መክፈቻው ላይ አሁንም አለ፣ ለተምኔሉም፣ ቪዲዮው ሳይከፈት ለሚታየው ፎቶ፣ የተመረጠው እሱ ነው፣ "ካልሆነ ማን ይጫነዋል" ተባልኩ። ስለ ክሊክ አልከራከርም፣ ኪራይ እኔም እከፍላለሁ። ግን በተምኔል የገባው ሰው መጀመሪያው ላይ ሲወጣ ዩቲዩብ ራሱ በግራፍ ያሳያል፣ እሱንም ይዩት።

ከናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የፊልም ግምገማ ስታወጡ ታሪኩ ምን እንደሆነና ማን እንደተወነ ብቻ አትንገሩን፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ገምጋሚው ድምፁን አጥፍቶ አንዴ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ደግሞ አንዴ ይስማቸው፣ ከዛ ካሜራው ከማን ጋር እንደቆመ ይፃፍልን። የካሜራማኑን፣ የሳውንድ ባለሙያውንና የኤዲተሩንም ስም ጨምሩ፣ ሴቷን እንደዛ ያሳየው ማን እንደሆነ አንባቢ ይወቅ፣ ጥሩ ሲሰሩም ይመስገኑ፣ ሁልጊዜ ደራሲው ብቻ አይወቀስ።

ከሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ