ለጤና ሚኒስቴር፦ ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ለሚወጣ እናቶች የነርቭ ማደንዘዣ ይድረስላቸው

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለጡት ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጉ የማደንዘዣ መድኃኒቶችና መሣሪያዎች በቀጣዩ በጀት ዓመት እንዲገዙ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር መሆኑን እናንተው ደጋግማችሁ የነገራችሁን ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ሲመጣ «ተመርመሩ» እያልን እንቀሰቅሳለን። ሴቶቹ ሆስፒታል የሚደርሱት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘግይተው ነው፤ እብጠቱ አድጎ፣ የብብት ንፍፊቶችም ተነክተው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ትንሽ እብጠት አውጥቶ መስፋት መሆኑ ይቀርና ሙሉ ጡቱን ከብብት ንፍፊቶቹ ጋር ማንሳት ይሆናል። እኔ በክልል ሆስፒታል የምሠራ የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። የምጽፍላችሁ ከዚያ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚመጣው ሌሊት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ዋርድ ስንዞር «እንዴት አደሩ፣ እናቴ?» እንላለን። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ» ይሉናል። ካርዱ ላይም «ደህና ናት» ተብሎ ይጻፋል። ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን ክንዳቸውን ከጎናቸው አጣብቀው ይዘዋል፤ ትንፋሻቸው አጭር አጭር ነው፤ ሳል ሲመጣባቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሊውጡት ይታገላሉ። ሌሊቱን ዓይናቸውን እንዳልከደኑ የምትነግረን አስታማሚዋ ልጃቸው ናት። የተሰጣቸው ማስታገሻ ዲክሎፌናክና ትራማዶል ነው። ሞርፊን ሲገኝ ሞርፊን ይሰጣል፤ እሱ ደግሞ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያመጣል፤ ደረቱ ለተሰፋ ሰው ማስመለስ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሕመምን ዋጥ አድርጎ ማመስገን ልማዳችን ስለሆነ፣ ያልተነገረው ሕመም እንዳልነበረ ተቆጥሮ ለእናንተ በሚላከው ሪፖርት ውስጥ ሳይገባ ይቀራል።

ይህ ሌሊት እንዲህ መሆን የለበትም። ሴትየዋ ሙሉ ማደንዘዣ ወስዳ ከተኛች በኋላ፣ ቢላ ሳይነካት በፊት፣ ወደ ደረትና ብብት የሚሄዱትን ነርቮች ለብቻ ማደንዘዝ ይቻላል፤ ይህን «ብሎክ» እንለዋለን። ሥራው አዲስ አይደለም። ከአከርካሪው አጠገብ የሚወጋው ፓራቨርቴብራል ብሎክ ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። ሳንባን የመንካት ስጋት ስላለበት ግን ብዙዎቻችን እንፈራዋለን። በ2011 እና በ2012 እ.ኤ.አ. ራፋኤል ብላንኮ የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም ከፊት በኩል በደረት ጡንቻዎች መካከል የሚሰጥ ቀለል ያለ ዘዴ አስተዋወቀ፤ ፔክስ ብሎክ ይባላል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከኋላ በኩል፣ ከሳንባ ራቅ ብሎ የሚሠራው ኢሬክተር ስፓይኔ ብሎክ መጣ።

ፔክስን በአልትራሳውንድ ስንሠራ የደረት ጡንቻዎቹ በመሶብ እንደተደራረበ እንጀራ አንዱ ካንዱ ላይ ተነጥፈው ይታያሉ። መርፌው ትክክለኛው ንብርብር ላይ ሲደርስ መድኃኒቱ ጥቁር ሆኖ ይገባና ሁለቱን ጡንቻዎች ቀስ አድርጎ ያላቅቃቸዋል። 10 ሚሊ ሊትር በሁለቱ የደረት ጡንቻዎች መካከል፣ 20 ሚሊ ሊትር ደግሞ ከሥራቸው፣ በ3ኛውና በ4ኛው የጎን አጥንት አካባቢ ይሰጣል። የማደንዘዣ መድኃኒቱ 0.25 በመቶ የሆነ ቡፒቫኬይን ከሆነ ጠቅላላው 75 ሚሊ ግራም ነው። በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ብለን ብናሰላ እንኳ 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ከሚፈቀደው በታች ነው። የ0.5 በመቶ አንድ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በጨው ውኃ ተበርዞ ለአንዲት እናት በቂ ነው፤ እንዲያውም ይተርፋል። በዚህ መጠን ያቺ እናት የመጀመሪያውን፣ ከሁሉ የሚከፋውን ሌሊት ታልፋለች፤ የሞርፊን ፍላጎቷም ይቀንሳል። ፕሮስፔክት የተባለው ዓለም አቀፍ የሕመም ማስታገሻ መመሪያም በ2020 እ.ኤ.አ. ለከባድ የጡት ቀዶ ሕክምና ፓራቨርቴብራልን በቀዳሚነት፣ ፔክስን በአማራጭነት አስቀምጧል።

ከሚገባው በላይ ተስፋ ልሰጣችሁ አልፈልግም። ብሎክ ካንሰሩ ተመልሶ እንዳይመጣ ያደርግ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበር፤ ከ2,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ትልቅ ጥናት ልዩነት እንደሌለ አሳይቷል። ለወራትና ለዓመታት የሚቆየውን የደረትና የክንድ ሕመም በመከላከል ረገድም የጥናቶቹ ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። ለመጀመሪያው ሌሊት የሚሰጠው እፎይታ ግን የሚያከራክር አይደለም፤ እኔም የምጠይቀው ለዚያ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ጎደለን? ባለሙያ አለ። የማደንዘዣ ባለሙያዎችን በዲግሪና በማስተርስ ስታስተምሩ ኖራችኋል፤ በየወረዳው ለቀዶ ጥገና ወሊድ የወገብ መርፌ የሚወጉት እነሱ ናቸው፤ እጃቸው መርፌ ለምዷል። የጎደለን መድኃኒቱ ነው። መጋዘናችን ውስጥ በብዛት የምናገኘው ቡፒቫኬይን «ሄቪ» የምንለው፣ ግሉኮስ ተጨምሮበት ለወገብ መርፌ የተዘጋጀው ነው። ለብሎክ የሚያስፈልገው ግሉኮስ የሌለበት ነው። እሱ ሲጠፋ ለቤተሰብ ወረቀት ጽፈን «ከውጭ ግዙ» እንላለን። ለሕክምናው በሬ ሸጦ የመጣ ባል ያንን ወረቀት ይዞ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ሲንከራተት ማየት ያሳፍራል።

ሁለተኛው የጎደለ ነገር ከዚህም ይብሳል። ቡፒቫኬይን በስህተት ደም ሥር ከገባ ወይም መጠኑ ከበዛ ያንቀጠቅጣል፣ ልብንም ሊያቆም ይችላል። መድኅኑ 20 በመቶ የሆነው የስብ ፈሳሽ፣ ማለትም ኢንትራሊፒድ፣ ነው፤ በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር ወዲያው በደም ሥር ይሰጣል። ይህ ፈሳሽ በሌለበት ኦፕሬሽን ክፍል ብሎክ አስጀምሩ ብዬ ልጠይቃችሁ አልችልም። እናንተም ያለ እሱ እንዲጀመር አትፍቀዱ።

አልትራሳውንዱን በተመለከተ አዲስ ማሽን ለመግዛት አትቸኩሉ። በብዙ ሆስፒታሎች ለእርግዝና ምርመራ የሚያገለግል ማሽን አለ፤ የሌለው ከቆዳ ሥር ቅርብ ያለውን የሚያሳየው ሊኒየር ፕሮብ፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚደረገው የማሽኑ ክፍል፣ ነው። ፕሮቡ ብቻ ቢገዛ ማሽኑን ከማዋለጃ ክፍል ጋር ተስማምተን እንጠቀማለን። ለብሎክ ተብሎ የተሠራ ውድ መርፌ ባይገኝም የተለመደው ባለ 22 ቁጥር የወገብ መርፌ ያገለግላል። ፕሮቡ እስኪመጣም ቢሆን ሰርጂኑ ጡቱን ካነሳ በኋላ፣ ጡንቻዎቹ ተገልጠው በዓይን እየታዩ፣ መድኃኒቱን ራሱ ንብርብሩ ውስጥ ሊሰጥ ይችላል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ግሉኮስ የሌለበት ቡፒቫኬይንና ኢንትራሊፒድ የጡት ቀዶ ሕክምና ለሚሠሩ ሆስፒታሎች ሁሉ ከሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት ዓመት ግዥ ውስጥ ይግቡ። ሳልትስ በተባለው የቀዶ ሕክምና ፕሮግራማችሁ ሥር የብሎክ ሥልጠና ይሰጥ፤ ሥልጠናውም አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ሳይሆን እዚያው ሆስፒታሉ ኦፕሬሽን ክፍል፣ በሽተኛዋ አጠገብ ይሁን። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ሕመምም ከ0 እስከ 10 በቁጥር እየተጠየቀ፣ በእረፍት ላይ ብቻ ሳይሆን ክንድ ሲነሳና ሲያስሉም ጭምር፣ ካርድ ላይ ይመዝገብ። ይህ የመጨረሻው ገንዘብ አይጠይቅም፤ በሰርኩላር ነገ ሊጀመር ይችላል።

መልሳችሁን በዚሁ በአደባባይ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የማደንዘዣ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት
ለክልል ጤና ቢሮዎች